ስልክን ከፋቁ በኋላ ሥርዓቱን በታመነ ግልባጭ ስለ መመለስ

ብራና ፋቂ ብራናውን በሚፍቅበት ጊዜ የሚነሣለት ከላይ ያለው ጸጉርና ሥጋ ነው እንጂ፥ ፍየሉ በሕይወት ሳለ እሾኽ የወጋው ጠባሳ ከቆዳው ውስጥ አይወጣለትም። ስለዚህም የቀደሙት ጸሐፍት የመጽሐፍን ሥራ በመፋቅ ብቻ አልጨረሱትም። ብራናውን ይመረምሩታል፤ ከታመነ እናት ቅጅ ይገለብጡበታል፤ የተገለበጠውንም ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት እያነበቡ ያርሙታል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጐደለበት መጽሐፍ፥ ሐረጉ ቢያምር ቀለሙም ቢደምቅ፥ ለንባብና ለትርጓሜ አይታመንም።

ይህ የቆየ ጥበብ ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ለሚዞረው ስልክና በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ያስፈልጋል። በወረኢሉ፥ በመካነ ሰላም፥ በከላላና በዙሪያቸው ባለው ደጋ፥ ስልክ ከወሬ መለዋወጫነት አልፎ የገንዘብ ሣጥንና የመዝገብ ቤት ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደመወዝና የገበያ ዋጋ፥ የእድርና የማኅበር መዋጮ በስልክ ይተላለፋል። የወረዳው ጸሐፊ የቃለ ጉባኤውን ፎቶግራፍ፥ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛው የባለ ይዞታውን ስምና ማስረጃ፥ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ለጣራ ቆርቆሮ የተሰበሰበውን ሒሳብ በዚሁ መሣሪያ ይይዛሉ። እንግዲህ ስልኩ ሲታመም የሚታመመው የባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም፤ አደራ የሰጠውም ሕዝብ አብሮ ይጐዳል።

የሕመሙ ምልክት በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስልኩ ያለ ምክንያት ይግላል፤ ባትሪው ፈጥኖ ያልቃል፤ ያልተፈለገ ማስታወቂያ እየዘለለ ፊት ይሸፍናል፤ የተሞላው ካርድ ባለቤቱ ሳይደውል ያልቅበታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ጠጋኙም «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፋብሪካ ሪሴት የሚባለው ይህ ነው። ስልኩ ተነሥቶ እንደ አዲስ ቋንቋ ሲጠይቅ ባለቤቱ ከፋብሪካ በወጣበት ንጽሕና እንደ ተመለሰ ያምናል። ብዙ ጊዜም እምነቱ ትክክል ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ያስገባው ክፉ ፕሮግራም በዚህ ይጠፋልና። ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።

ምክንያቱም የስልክ ማኅደር በየክፍሉ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። በአንደኛው ክፍል የባለቤቱ ፎቶግራፍ፥ መልእክትና የጫናቸው ፕሮግራሞች ይቀመጣሉ። በሌላው ክፍል ደግሞ ስልኩን ስልክ የሚያደርገው ሥርዓት፥ ይኸውም አንድሮይድ የሚባለው፥ ይገኛል። ሪሴት የሚያጠፋው የመጀመሪያውን ክፍል ነው፤ ሁለተኛውን አይነካም። የሚነካውማ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ተመልሶ የሚነሣበት ባላገኘም ነበር። እንግዲህ ክፉው ነገር የገባው በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ እንደ ሆነ፥ አሥር ጊዜ ሪሴት ቢደረግ አሥር ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ከቆዳው ውስጥ ያለ ጠባሳ ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም፤ ኢትዮጵያንም ነክቷታል። በ2012 ዓ.ም. ኤክስሄልፐር የተባለው ክፉ ፕሮግራም ከሪሴት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ ማልዌርባይትስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ገለጸ። በዚያው ዓመት ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት መንገዱን መርምሮ አስረዳ። ፕሮግራሙ ትራያዳ የተባለ ረዳት ይዞ፥ ይልቁንም አንድሮይድ 6 እና 7 ባላቸው ስልኮች ላይ፥ የሥርዓቱን በር በግድ ይከፍታል፤ ራሱን በዚያ ይጽፋል፤ ከዚያም ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይፍቀው በሩን ከውስጥ ይዘጋል። መድኃኒቱም ሥርዓቱን ከዋናው ግልባጭ መልሶ መጻፍ ብቻ መሆኑን፥ ነገር ግን አንዳንዱ ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የወጣው ግልባጭ ራሱ የተበከለ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ።

በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ደግሞ አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ ሴኩር-ዲ በተባለው ክፍሉ ያገኘውን አወጣ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባለው ስልክ ውስጥ ትራያዳና ኤክስሄልፐር ቀድመው ተጭነው መገኘታቸውን፥ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ከ200,000 በላይ ከሚሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች መመዝገባቸውን ገለጸ። እነዚህም ባለቤቱ ሳያውቅ ስሙን ለሚያስከፍል አገልግሎት የሚያስመዘግቡ ነበሩ። በዋናነት ከታዩባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፥ ካሜሩን፥ ግብጽ፥ ጋናና ደቡብ አፍሪካ ተቈጠሩ። የስልኩ ሠሪ በበኩሉ ነገሩ የቆየና መፍትሔ ያገኘ መሆኑን፥ ለትራያዳ ማስተካከያ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ገደማ መስጠቱን፥ ክፉው ነገርም የገባው ዕቃ ከሚያቀርቡ ሌሎች ወገኖች በኩል እንደ ነበረ መለሰ። ጉግልም በ2011 ዓ.ም. ስለ ትራያዳ በጻፈው መግለጫ፥ ሥርዓቱን ለመቀመም ከሠሪው ውጭ የሚጠሩ ሦስተኛ ወገኖች የመበከያ መንገድ ሆነው መገኘታቸውን ተናግሯል። በርካሽ የተገዛው ስልክ፥ ገዢው የገበሬ ልጅ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፥ ሳንቲሙን በስውር ሲለቅም ኖረ ማለት ነው።

እንግዲህ መፋቅ ካልበቃ፥ ሥርዓቱን መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። በጥገና ቤት ቋንቋ «ፍላሽ ማድረግ» የሚባለው ይህ ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን ከዚህ ይጀምራል። የሚጻፈው ግልባጭ የማን ነው? ከወዴት መጣ? ማንስ ከእናቱ ጋር አመሳከረው?

የወሎ ምድር የዚህን ጥያቄ ክብደት ከሌላው አገር ይልቅ ያውቃል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በአማርኛው የ17ኛው አንቀጽ ቃል፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጕዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መላላክ ቢወዱ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ በኢጣሊያንኛው ግን ፈቃዱ ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ አንድ፥ ማኅተሙም አንድ ሳለ፥ የአንዲት ግሥ መለወጥ የአገርን ነጻነት ጥያቄ ውስጥ አገባች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው የመካከሉን አገር ጦር በወረኢሉ እንዲከት አዘዙ፤ ከዚያም የሆነውን የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ይመሰክራል። ከእናቱ ጋር ያልተመሳከረ ግልባጭ ምን እንደሚያስከፍል ለማስረዳት ለወረኢሉ ሰው ሌላ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ዓለም ይህ ማመሳከሪያ በሁለት መንገድ ይደረጋል። የመጀመሪያው እንደ ፊደል ቈጠራ ያለ ነው። ሠሪው ኩባንያ ግልባጩን ሲያወጣ ሻ-256 በሚባል ስሌት የተገኘ፥ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ቍጥር አብሮ ሊያወጣ ይችላል። ጠጋኙ ፋይሉን በኮምፒዩተሩ ካወረደ በኋላ ስሌቱን ራሱ ይሠራል፤ በዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ተለውጣ እንደ ሆነ ቍጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለያል። ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ፋይሉና ቍጥሩ ከአንድ ካልታወቀ ሰው እጅ የተገኙ እንደ ሆነ፥ መግጠማቸው ፋይሉ በመንገድ አለመበላሸቱን ብቻ ያሳያል እንጂ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ሐሰተኛ ደብዳቤ የጻፈ ሰው የገጹን ቍጥርም አስተካክሎ መጻፍ ይችላልና። ስለዚህ ቍጥሩ ከሠሪው ከራሱ ገጽ ሊነበብ ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ማኅተም ነው። ሠሪው ለራሱ ብቻ በደበቀው ምስጢራዊ ቁልፍ ግልባጩን ያትመዋል፤ ማኅተሙን ለይቶ የሚያውቀው ሌላው ቁልፍ ደግሞ ስልኩ በተሠራ ጊዜ በአካሉ ውስጥ ተቀርጾ ይቀመጣል። ስልኩ በተከፈተ ቍጥር፥ መጀመሪያ የሚነሣው ትንሽ ፕሮግራም ቀጥሎ የሚነሣውን፥ እርሱም የሚከተለውን እየመረመረ፥ ማኅተሙ የገጠመለትን ብቻ ያሳልፋል። የመኰንን በር ጠባቂ የላኪውን ማኅተም ሳያይ መልእክተኛ እንደማያስገባ ያለ ነው። አንድሮይድ ይህን ምርመራ ከ7ኛው እትም ጀምሮ አጥብቆ ይዞታል፤ ከ8ኛውም ጀምሮ ጕድለቱ ወደ ታወቀ አሮጌ ሥርዓት መመለስን የሚከለክል ዘዴ ተጨምሮበታል። ምርመራው ችግር ባገኘ ጊዜ ስልኩ ሲነሣ በገጹ ላይ ቀለም ያሳያል። ብርቱካን ቀለም በሩ፥ ማለት ቡትሎደር የሚባለው፥ ክፍት መሆኑን፤ ቢጫ ቀለም የታተመው ከሠሪው ሌላ በሆነ ቁልፍ መሆኑን፤ ቀይ ቀለም ማኅተሙ አለመግጠሙን ያመለክታል። ከጥገና ቤት የተመለሰ ስልክ ከዚህ በፊት ያልነበረ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ካሳየ፥ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከፍሎ መሄድ አይገባውም።

ሥራው በሥርዓት እንዲሆን ተራውን ጠብቆ መሄድ ይበጃል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰነድ፥ ፎቶግራፍና የስልክ ቍጥር ዝርዝር ወደ ሌላ ስፍራ ይገለበጣል፤ ፕሮግራሞቹ ግን አይገለበጡም፤ ሕመሙ አብሮ ይሄዳልና። ሲም ካርዱና ሚሞሪው ይወጣሉ። ባለቤቱ የጉግል መለያውንና የይለፍ ቃሉን ማወቁን ያረጋግጣል፤ ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ስልኩ በመልሶ ማስነሻ በኩል ሪሴት ሲደረግ የቀድሞውን መለያ ስለሚጠይቅ፥ ያላወቀ ሰው ከራሱ ስልክ በር ውጭ ቆሞ ይቀራል። *#06# ተጭኖም 15 አኃዝ ያለውን የአይ.ኤም.ኢ.አይ ቍጥር በወረቀት ይጽፋል።

ከዚያ በኋላ ትክክለኛው የስልኩ ሞዴል ተለይቶ፥ ግልባጩ ከሠሪው ገጽ ወይም ከታወቀው የአገልግሎት ማእከሉ ይገኛል። ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ ሞዴሉ የተለየ ግልባጭ ስልኩን እንደ ድንጋይ ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ቍጥሩ ይመሳከራል፤ ከዚያም ይጻፋል። ሚዲያቴክ በሚባለው አንጎል የሚሠሩ ስልኮች በዚህ አገር ብዙ ናቸው፤ በእነርሱ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለው ምርጫ ሥርዓቱን ብቻ ሲተካ፥ «ፎርማት ኦል» የሚለው ግን ከግልባጩ ውስጥ የማይገኘውን የስልኩን የራሱን መለያ ቍጥርና የአንቴና ልኬት ጭምር ያጠፋል። ስልኩም ከዚያ በኋላ ኔትዎርክ አላገኝ ይላል፤ ባለቤቱ በወረቀት የጻፈው ቍጥርም በዚህ ጊዜ ምስክር ይሆንለታል። በችኰላ የሠራ እጅ በሽታውን ለማውጣት ሲል ስሙን ፍቆ ያወጣዋል ማለት ነው።

ለመጻፍ ተብሎ በሩ ተከፍቶ እንደ ሆነ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋ፤ ነገር ግን ሊዘጋ የሚገባው የሠሪው እውነተኛ ግልባጭ መጻፉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሐሰተኛ ግልባጭ ተጽፎበት የተዘጋ ስልክ አልነሣም ይላል። ቀጥሎም የወጣው ማሻሻያ ሁሉ ይጫናል፤ ፕሮግራሞቹ ከታወቀው መደብር እንደ ገና ይወርዳሉ፤ የቴሌብሩ ምስጢር ቍጥርና የመለያዎቹ የይለፍ ቃል ሁሉ ይለወጣሉ። ስልኩ ታሞ ሳለ የገባበት ምስጢር በሌላ ሰው ዓይን እንደ ታየ መቈጠር አለበትና።

በአይፎን ሥራው ይቀላል። አይፎን ከኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ በመልሶ ማስነሻ በር ሲገባ ሥርዓቱን በሙሉ ከአፕል ያመጣል፤ አፕልም ለእያንዳንዱ መሣሪያ በዚያው ሰዓት ፈቃዱን ያትምለታል፤ ማኅተም የተነፈገውን አሮጌ እትም መሣሪያው አይቀበልም። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሪሴት ሲደረግ ሁለት መንገድ ቀርቧል፤ ሥርዓቱን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው መልሶ መሥራት፥ ወይም ከማይክሮሶፍት በኢንተርኔት አዲስ ማውረድ። በውስጥ ያለው መበከሉ ሲጠረጠር ሁለተኛው ይመረጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ስፍራ የማይክሮሶፍትን መሣሪያ በመጠቀም 8 ጊጋ ባይት ባለው ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ መሄድ ይቻላል። የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ልብ ሊሉ ይገባል፤ ድጋፉ ያበቃለት ሥርዓት በንጽሕና ቢመለስም ከዚያ ወዲህ ለሚገኘው ቀዳዳ መድኀኒት የለውምና።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ማዘዝ ቀላል፥ በደጋው ላይ መፈጸም ግን ከባድ መሆኑ አይካድም። የአንድ ስልክ ግልባጭ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ጊጋ ባይት ያልፋል፤ የሚወርድበት ዋጋም ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበረ፥ ብዙ ስልኮች ማሻሻያ ሳያገኙ ቆይተዋል። ስለዚህ ጠጋኞች ግልባጩን በፍላሽና በሚሞሪ እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታል። ከደሴ የመጣው ወደ ወረኢሉ፥ ከወረኢሉ የወጣው ወደ መካነ ሰላም ይወርዳል፤ ከማን እንደ ተነሣ ግን የሚያውቅ የለም። ጠጋኙ በዚህ አይወቀስም፤ በእጁ ባለው ነገር የሰውን ችግር ለማቃለል የሚደክም ነው። ነገር ግን ምንጩ ያልታወቀ ግልባጭ ለመቶ ስልክ ሲጻፍ፥ አንዲት ስሕተት ያለባት እናት ቅጅ መቶ ስሑት መጻሕፍት እንደምትወልድ ያለ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየወረዳው ያለው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል በአካባቢው ለሚበዙት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ከሠሪዎቹ የወረደ፥ ቍጥሩ የተመሳከረ፥ ቀኑና ምንጩ የተጻፈበት አንዳንድ ግልባጭ ቢያስቀምጥና ጠጋኞች መጥተው እንዲወስዱ ቢፈቅድ፥ የእናት ቅጅ ቤት ተከፈተ ማለት ነው። ጠጋኙም በደረሰኙ ላይ የጻፈውን ግልባጭ ስምና እትም ቢመዘግብ፥ ባለቤቱ በኋላ የሚጠይቅበት ማስረጃ ያገኛል። ሠሪው ማሻሻያ መስጠት ያቆመለት ስልክ ደግሞ፥ ለመነጋገሪያ ቢያገለግልም፥ የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ መዝገብ እንዳይያዝበት ኀላፊዎች ቢወስኑ መልካም ነው።

ስልክ ተሸጦ ወይም ተሰጥቶ ከእጅ በሚወጣበትም ጊዜ ይህ ጥንቃቄ አይቀርም። በ2007 ዓ.ም. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ከአምስት ሠሪዎች የወጡ 21 ያገለገሉ የአንድሮይድ ስልኮችን መርምረው፥ ከሪሴት በኋላ መልእክትና የመለያ ቁልፍ ሳይቀር መልሰው ማግኘት እንደ ቻሉ አሳይተዋል። የዛሬዎቹ ስልኮች ማኅደራቸውን በምስጢር ጽሕፈት ስለሚይዙና ሪሴት መክፈቻውን ስለሚያጠፋ በዚህ በኩል እጅግ ይሻላሉ፤ በአሮጌዎቹ ግን መተማመን አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ አኑሮበታል፤ የባለ ይዞታዎች ስም ያለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ሳያጸዳ ለጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም ይህን አዋጅ ማስታወስ አለበት።

የቤተ ክህነት ሰው ይህን ትምህርት እንግዳ አድርጎ እንዳያየው። ያልታረመ መጽሐፍ በቅኔ ማኅሌት እንዳይነበብ የሚከለክል፥ ስሑት ንባብ ሲሰማ በዐይኑ የሚገሥጽ መሪጌታ፥ የዚህን ሥራ ሥር አስቀድሞ ይዞታል። የመንግሥት ሹምም ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ ወደ ላኪው ሲመልስ ይኖራል። ሁለቱም በወረቀትና በብራና ላይ የለመዱትን ጥርጣሬ ወደ ኪሳቸው ቢያሻግሩት ይበቃል። ስልኩ ሲታመም «ፋቁልኝ» ብሎ ከመስጠት አስቀድሞ «በምን ግልባጭ ትመልሰዋለህ፥ ከማንስ አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ለጠጋኙ የአንድ ደቂቃ መልስ ነው፤ ለጣራው ቆርቆሮ አንድ አንድ ብር እያወጣ አደራ ለሰጠው ምእመን ግን የንብረቱ ዘብ ነው።